ዳንቴል የለበሰው ሳጥንና የታፈነችው ትራንዚስተር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ይሄኛው ከበረት አልወጣም፣ ከኮረብታ ላይ ነው የወረደው። ሳወራው ደግሞ ያንገበግበኛል፤ ታገሡኝ።

ድሮ፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ በላይ፣ ኮረብታ ላይ የራዲዮ ማሰራጫ ነበር። ውጭ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ማማ ቆሟል። ቤት ውስጥ የብረት ሳጥን ተቀምጧል። በሳጥኑ ሆድ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ትራንዚስተር ትኖራለች። ከከተማ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብላ ጉልበት የምትሰጠው እሷ ናት። ጉልበት የሚሰጥ ደግሞ ይግላል። ስለዚህ ከነፋስ በቀር ምንም አትፈልግም፤ ሙቀቷም በሳጥኑ አናት ላይ ባለው ወንፊት ይወጣል።

ቤቱን የሚያጸዱት እትዬ አስካለ ደግ ሴት ናቸው። ደግነት ብቻውን ግን ምን ያደርጋል? እሳቸው ዘንድ የተከበረ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል። አንድ ቀን «ይሄን የመሰለ ዕቃ ራቁቱን?» አሉና ወንፊቱ ላይ ፕላስቲክ አነጠፉ፣ በፕላስቲኩ ላይ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ጣል አደረጉበት።

ትራንዚስተሯ ጋለች። ሳጥኑን ለመነችው።

«ጌታው ሳጥን፣ ታፈንኩ። ዳንቴሉን አውልቅልኝ።»

«ምን ብትደፍሪኝ ነው?» አለ ሳጥኑ። «በስንት ጊዜዬ ብለብስ ልታስገፍፊኝ?»

በሳጥኑ ጎን ነፋስ የሚያስገባውን ማራገቢያ ለመነችው።

«እኔ እነፋለሁ» አለ ማራገቢያው። «መውጫው ቢደፈን የኔ ጥፋት ነው? ለማማው ንገሪው።»

ማማውን ለመነችው። ማማው ዝቅ ብሎ እንኳ አላያትም።

«ድምፁን አገር ለአገር የማደርስ እኔ ነኝ። አንቺን ማን ያውቅሻል? አርፈሽ ሥሪ።»

ይታያችሁ እንግዲህ። ያለ እሷ እኮ ማማው የቁራ ማረፊያ ነው።

ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት ላይ ደጋው ዶፍ ጣለበት፣ ወንዙም ሞላ። ከከተማ የራዲዮው ጋዜጠኛ «የወንዝ ዳር ሰዎች፣ ደራሽ ውሃ እየመጣ ነው፤ ወደ ኮረብታው ውጡ» ይላል፣ ደጋግሞ ይላል። ትራንዚስተሯ ድምፁን ላንሣ አለች፤ ሙቀቱ ጉልበቷን ጨርሶታል። ታች ወንዝ ዳር ወይዘሮ ዘርፌ ከሦስት ልጆቿ ጋር ሽንኩርት ትኮተኩታለች። አጠገቧ ያለው ራዲዮ ከመንጫጫት በቀር ምንም አይልም።

«ሰው ሊያልቅ ነው» አለች ትራንዚስተሯ።

«ክብሬን አልነካም» አለ ሳጥኑ። «እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ» አለ ማራገቢያው። «እኔ ቆሜያለሁ» አለ ማማው። ቆሜያለሁ አለ፣ አያፍርም።

ይሄን ጊዜ ከግድግዳው ቀዳዳ አይጥ ብቅ አለች።

«ምን ሆነሽ ነው የምትንሰፈሰፊው?»

«ዳንቴሉ አፈነኝ። ወንዝ ዳር ልጆች አሉ፣ ውሃው ሊወስዳቸው ነው።»

«ልጆችማ እኔም አሉኝ» አለች አይጧ። ሳጥኑ ላይ ወጣች፣ የዳንቴሉን ዘርፍ ነከሰች። አንዴ ሳበች፣ እምቢ አለ። ሁለቴ ሳበች፣ ተቀደደ። ሦስቴ ስትስብ ከነፕላስቲኩ ወረደ። ሙቀቱ ወጣ፣ ትራንዚስተሯ ተነፈሰች፣ ድምፁም ሜዳውን ሞላው። ዘርፌ መኮትኮቻዋን ጥላ ልጆቿን እየጎተተች ኮረብታው ላይ ወጣች። ውሃው ሽንኩርቱን ወሰደ፣ ራዲዮውን ወሰደ፤ ሰው አልወሰደም።

በማግስቱ የወንዝ ዳር ሰው እልል እያለ መጣ። ማንን ያመሰገነ ይመስላችኋል? ማማውን። «አንተ ባትኖር» እያሉ እግሩ ሥር ቄጤማ ጎዘጎዙለት። እሱም አፉን ሞልቶ «ምንም አይደል» አለ። እትዬ አስካለ የተቀደደውን ዳንቴል ይዘው አለቀሱ፤ ሰፍተውም ሳጥኑን መልሰው አለበሱት።

«ይቺን ሌባ አይጥ ምን ባደርጋት ይሻለኛል?» አሉ።

«እኔ ድመት አለችኝ፣ አመጣልዎታለሁ» አለች አንዲት ሴት።

ዘርፌ ናት ያለችው። ሦስት ልጆቿ ቀሚሷን ይዘው ቆመው።

ማን እንዳዳነው የማይጠይቅ፣ ያዳነውን ለድመት ይሰጣል። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ። ዳቦውን ለአይጧ ቁረሱላት፣ በሕይወት ካለች።