አስራ አንደኛው ካርድ

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ ወርቅነህ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ከማስቲካ ጋር የሚመጡ የኳስ ተጫዋቾች ካርዶችን ሰብስበው በሳጥናቸው ክዳን ውስጥ በዱቄት ሙጫ ለጥፈዋቸው ነበር። አስር ናቸው። የበረኛው ቦታ ግን ዕድሜ ልካቸውን ባዶ ሆኖ ኖረ።

አሁን ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ሐኪሙ፣ «ከሰኔ አያልፍም» ብሏቸዋል። ግንቦት ሲጋመስ ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩና፣ «ቡድኔን ሙሉ ሆኖ ልየው። በረኛውን ላመጣልኝ ሳጥኑ ከነካርዶቹ የእሱ ነው» አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የመጨረሻዋ ልጅ ማስተዋል አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ቀኑን ትቆጥራለች፤ ተነስታ ባዶዋን ቦታ ታያለች።

የበኩሩ ልጅ ክንዴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በቆመበት ከተማ ሁሉ፣ በየሻይ ቤቱና በየጸጉር ቤቱ ስለ በረኛው ካርድ ሲጠይቅ ኖሯል። በዚያው ሳምንት ከአዋሽ ደወለ። «አገኘሁት! አንድ ጸጉር አስተካካይ መስታወቱ ላይ ለጥፎታል!» ተመልሶም እህቶቹን ጋቢና አሳፍሮ ወሰዳቸው።

ጸጉር አስተካካዩ ብር አልቀበልም አለ። «የካርድ ሰው ካርድ በካርድ ነው የሚለውጠው።»

መካከለኛዋ እታገኝ ቦርሳዋን ከፈተች። አባቷ በሰርጓ ዕለት የሰጧት አንድ ካርድ ነበራት፤ ሁለት ስለነበራቸው ያልለጠፉት የአጥቂው ካርድ ነው። ከመዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ አወጣችና ዳግመኛ ሳታየው አስረከበች።

ካርዱ ግን መስታወቱ ላይ ሙጭጭ ብሏል። ክንዴ በምላጭ ሊፍቀው ሲል ማስተዋል እጁን ያዘችው። የደንበኞች ፊት የሚለሰልስበትን ትኩስ ፎጣ ተቀብላ በካርዱ ላይ ጫነች። ሲቀዘቅዝ ሌላ አስመጣች። ክንዴ ወጥቶ የመኪናውን ጥሩንባ ነፋ።

«የጫንኩት ቲማቲም ሊፈርጥብኝ ነው! ጢሙን ልትላጪው ነው እንዴ?»

«ትንሽ ነው የቀረው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ኧረ ሳብ አድርጊውና እንሂድ!» አለች እታገኝ፣ በሩ ላይ እየተቁነጠነጠች።

የማስተዋል እጅ ግን አልተነቃነቀም። ከስድስተኛው ፎጣ በኋላ በረኛው ጆሮው እንኳ ሳይቀደድ መዳፏ ላይ ወደቀ።

ቤት ሲደርሱ አባታቸው ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። «እሱ ነው! ራሱ ነው እኮ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አወለቁ። «ማነው ያመጣው?»

«እኔ ባላገኘው፣ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?» አለ ክንዴ።

«እኔ ካርዴን ባልሰጥ፣ ዛሬም መስታወቱ ላይ ነበር» አለች እታገኝ።

ማስተዋል ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ ትፍቃለች።

«አንቺስ?» አሏት።

«ተቀዶ ቢመጣ ኖሮ፣ አባባ፣ ምኑን ያዩት ነበር?»

ቁልፉ አዛውንቱ እጅ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰኔ ገባ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?