በግ የታሰረባቸው ሁለት ሰፈሮች

በአንድ ትልቅ ከተማ፣ መንገደኛው ሁሉ ሌባ የሚመስለው አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጥርጣሬው የመጣው ከፍቅር ነው። እናቱ አርጅተው ማስታወስ ተስኗቸው ነበር። በር ክፍት ካገኙ ይወጣሉ፤ ከወጡ መመለሻው ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ሰውየው እናቱን ያለ ስጋት የሚያኖርበት ሰፈር ይፈልግ ነበር። አንቺም ትርሲት ልጄ፣ የሁለት ሰፈሮችን የወንጀል መጠን አነጻጽረሽ «ልጆቼን ይዤ ወደ የትኛው ልግባ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና፣ የእርሱን ነገር ስሚ።

ሰውየው ሲያወጣ ሲያወርድ ሁለት ሰፈሮች ቀሩለት፤ በመካከላቸው ወንዝና ድልድይ አለ። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሰላማዊ ሰፈር ነበር። ሰላማዊ ያልኩትን ልመልሰውና ጸጥተኛ ልበለው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አጥሩ ረጅም ነው፤ በአጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቷል፤ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ከወንዙ ወዲያ ያለው ደግሞ ቤት ከቤት የተጠጋበት፣ ጫጫታ የማይለየው፣ ፖሊስ ጣቢያውም አቤቱታ የማያጣ ሰፈር ነበር። ሰውየው የሰውን ወሬ አላመነም፤ የጣቢያውንም ቁጥር አላመነም። ራሱ ሊፈትን ወሰነ።

በግ ገዛና በማለዳ በጸጥተኛው ሰፈር ከመብራት እንጨት ጋር አሰረው፤ ራቅ ብሎም ተቀመጠ። በጉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጮኸ። የቤቶቹ ሰዎች በበራቸው ቀዳዳ አዩት፤ የሚያልፉትም መንገድ እየተሻገሩ አለፉት። ሲመሽ ሰውየው መጥቶ ገመዱን ሲፈታ፣ አንድ ጎልማሳ በሩን ገርበብ አደረገ።

«የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ማንም አልነካብኝም፤ ጨዋ ሰዎች ናችሁ፤ አመሰግናለሁ።»

«እኛ የሰው ነገር አንነካም» አለ ጎልማሳው፤ በሩንም ዘጋ።

ሰውየው በጣም ደስ አለው። በጉ ቤት ሲደርስ አንድ ባልዲ ውሃ ሳያቋርጥ ጠጥቶ ጨረሰ። ሰውየው ይህን አየ፤ ሆኖም ከዚህ ምንም አልተማረም።

በማግስቱ በጉን ከድልድዩ ማዶ አሰረው። ምሳ በልቶ ሲመለስ በጉም ገመዱም የሉም። ማንንም አልጠየቀም፤ ስለ ሌባ ሌባን መጠየቅ ሞኝነት መሰለው። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ በጉ እንደተሰረቀበት አስመዘገበ። በዚያ ዓመት የማዶው ሰፈር የስርቆት ቁጥር በአንድ በግ አደገ።

ከዚህ በኋላ በጸጥተኛው ሰፈር ቤት ተከራይቶ እናቱን አስገባ። ማንም አልመጣበትም፤ ማንም «እንደምን አደሩ» አላለውም። ይህንም ከጨዋነታቸው ቆጠረው።

አንድ ቀን የውሃ ቆጣሪ አንባቢ መጣ። ሰውየው ተጠራጠረ። ቆጣሪ አነባለሁ ብሎ ዕቃ ያነሣብኛል በማለት ከእጁ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ተከተለው። እርሱ የእንግዳውን እጅ ሲጠብቅ፣ እናቱ ክፍት በቀረው በር ወጡ።

ሰውየው እየሮጠ የየቤቱን በር አንኳኳ። ያ ጎልማሳ በሩን ገርበብ አደረገ።

«እናቴን አይተዋል?»

«ነጠላ የለበሱ፣ አንድ ጫማቸው የወለቀ?»

«አዎ፣ እርሳቸው።»

«እዚሁ ደጃፌ ላይ ወድቀው ነበር። ግንባራቸው ደምቶ ብዙ ተቀመጡ። በኋላ ራሳቸው ተነሥተው ወደ ድልድዩ አዘገሙ።»

«ወድቀው እያዩ ዝም አሉ?»

«አሮጊት ከፊት ልኮ በር የሚያስከፍት ሌባ አለ፤ በምን አውቃለሁ? ደግሞ እኛ የሰው ነገር አንነካም። እርስዎም ለዚሁ አመስግነውናል።»

ሰውየው ወደ ድልድዩ ሮጠ። ድልድዩን ሲሻገር የእድር ጥሩምባ ሰማ። ጥሩምባ ምን እንደሚያረዳ ታውቂያለሽ፤ የድልድዩን ብረት ያዘ። ለፋፊው ግን «አንዲት እናት ተገኝተዋል፤ ዘመድ ነኝ የሚል ወደ እድሩ ግቢ ይምጣ» እያለ አለፈ።

በግቢው እናቱ ተቀምጠው አጥሚት ይጠጣሉ፤ ግንባራቸው በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል። በስተኋላቸው በጉ ቆሟል። በዚያ ሰፈር ባለቤት የጠፋው ነገር ሁሉ ወደዚህ ግቢ ገብቶ በጥሩምባ ይለፈፍለታል።

«እናቴ ናቸው፤ ልውሰዳቸው» አለ ሰውየው።

የእድሩ ሰብሳቢ ሴት ነበረች። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «እማማ፣ ያውቁታል?»

እናቱ ትክ ብለው አዩት። «መልኩ የደግ ሰው ነው፤ ግን አላውቀውም» አሉ።

ይህን ጊዜ በጉ ጮኸ።

«ያወቀዎት በጉ ነው» አለች ሰብሳቢዋ፤ በዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። «ውሃ ጥም ሊገድለው ሲል ነው ያስገባነው። ብናስለፍፍ ባለቤቱ ቀረ። የእርስዎ ይሆን?»

ሰውየው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው እርሱን ይውሰዱ፤ በግ ቢሳሳትም ጉዳቱ የበግ ነው። እናትን ግን በመልክ አናስረክብም፤ አይቀየሙን ወንድሜ። የሚያውቅዎት ጎረቤት ይዘው ይምጡ።»

ተመልሶ ድልድዩን ተሻገረ፤ በሮቹንም እንደገና አንኳኳ። ያ ጎልማሳ ሐቀኛ ሰው ነበርና እንዲህ አለው፤ «መልካም ሰው ይመስሉኛል። ስምዎን ግን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልመሰክርም።» ሌሎቹም ከዚህ የተለየ ቃል አልነበራቸውም።

ሰውየው ብቻውን ተመለሰ፤ ለእህቱም ደውሎ፣ ልትመሰክርለት ከከተማው ሌላ ጫፍ እስክትደርስ በዚያ ግቢ ተቀመጠ። ምግብ አቀረቡለት፤ አንድ ጎበዝ ግን ከበሩ አልራቀም። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ተጠርጥሮ አያውቅም። እናቱም ማስታወስ ከተሳናቸው ወዲህ እንደዚያ ቀን ተጠብቀው አያውቁም።

እንግዲህ ትርሲት ልጄ፣ ያነጻጸርሽው ቁጥር ይዋሻል ልልሽ ነበር፤ አይደለም፣ ይህ አባባል ልክ አይሆንም። ቁጥር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ውሃ ያጠጡትን በግ የተሰረቀ ብሎ ቆጠረ፤ ደጃፍ ላይ የደሙትን እናት ግን የትም አልጻፋቸውም፤ ወንጀል የፈጸመ ሰው የለምና። ከድልድዩ ማዶ ሌባ የለም እንዳልል ደግሞ እጠነቀቃለሁ፤ አለ፤ ብትገቢበት ቁልፍሽን አጥብቂ። እኔ የምልሽ ግን፣ ስንት ሰው እንደተዘረፈ ከጠየቅሽ በኋላ፣ ልጅሽ ከበር ቢወጣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ማን እንዳለም ጠይቂ። ይህን ጥያቄ ሩቅ ሄደሽ አትጀምሪው፤ ዛሬውኑ አሁን ባለሽበት ሰፈር የጎረቤትሽን በር አንኳኪ። ስምሽን የማያውቁት ከሆነ፣ ይህን ልማድ ይዘሽው ትሄጃለሽና፣ የምትገቢበትም ሰፈር ገና ከመግባትሽ ጸጥተኛ ሆኖ ይቆይሻል።