ከበር የተሠራው ገበታ

ልጆቼ፣ ይህ የሆነው የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ እግዚአብሔር በፈቀደው በዚያ ዘመን ነው። ደብረ ትዕግሥት በሚባል የቆላ ገዳም አባ ፍሬ ስብሐት የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። ሥራቸው እህል መፍጨት ነው። ዳዊትም ቢሆን ሰምተው በቃላቸው ያዙት እንጂ ፊደል አልቆጠሩም።

የገዳሙ ደንብ ሁሉም ባንድ ገበታ ይብላ ይል ነበር። ደንቡ ግን ላላ። ሁሉም በየጎጆው በሩን ቀርቅሮ ለብቻው ይበላ ጀመር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በተቀረቀረ በራቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ካረፉ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አባ ፍሬ ስብሐት አለቀሱ።

አበምኔቱ ሲያርፉ መነኮሳቱ፣ "ፈጪውን እንሹም፤ እሳቸው ስለ ደንቡ ምን ይናገሩናል!" ተባባሉ። ሾሟቸውም። እውነትም አልተናገሩም። የጎጇቸውን በር ነቅለው፣ በአራት ድንጋይ ላይ አጋድመው ገበታ አደረጉት። ዳቦ አኑረው ተቀመጡ። ማንም አልመጣም።

የገዳሙ መጋቢ አባ ጌራ፣ "አባታችን ከበር ጋር ማኅበር ገቡ!" ብለው አሳቁ።

አባ ፍሬ ስብሐትም ወደ ወፍጯቸው ተመለሱ።

ክረምት ገባ። በር የሌለው ጎጆ ዝናብ ገባበት፤ ሳል ያዛቸው። ሁለት አረጋውያን አዘኑና በራቸውን ተሸክመው መጡ። ገበታው ሦስት በር ሆነ። ያኔ አባ ጌራ ተቆጥተው ማኅበሩን ሰበሰቡ። "ይህ ሰው ይሻር!" አሉ።

አባ ፍሬ ስብሐት ተንበረከኩ። "ሻሩኝ አባቶቼ። ብቻ የታመመውን ጠይቁ።"

ማኅበሩ አፍሮ ተበተነ። እሳቸውም ወደ ወፍጯቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ በየጎጆው እየዞሩ፣ "አባቴ፣ ደኅና አደሩ?" ይላሉ። አባ ጌራ ከውስጥ ሆነው፣ "ሂድ ወዲያ፣ አንተ ፈጪ!" ይላሉ። ዘወትር እንዲሁ ነው። አንድ ማለዳ ግን ስድቡ ቀረ። አባ ፍሬ ስብሐት ደነገጡ። በትከሻቸው በሩን መቱት። መቀርቀሪያው ተነቅሎ ወደቀ፤ በሩ ላይ ቀዳዳ ቀረ። አባ ጌራ ወባ ጥሏቸው፣ መሬት ላይ ተዘርግተው ያቃስታሉ።

ሰባት ቀን አጥሚት እያጠጡ አስታመሟቸው። በስምንተኛው ቀን አባ ጌራ ያንን ቀዳዳ በር ተሸክመው፣ እየተንገዳገዱ መጡ።

"አባቴ፣ ቦታ ይኖራል?"

"ከእኔ አጠገብ።"

ሌሎቹም በየተራ በራቸውን እየነቀሉ መጡ።

ገበታው ዛሬም አለ ይላሉ። ቀዳዳው አልተደፈነም። የጊዜው አበምኔት ገበታውን ከመባረካቸው በፊት እጃቸውን ቀዳዳው ላይ አድርገው፣ "ማን ቀረ?" ብለው ይጠይቃሉ። የቀረ ካለ፣ አንዱ ጎጆው ድረስ ሄዶ አይቶት እስኪመለስ ዳቦው አይቆረስም። ሁሉም ቢርበው እንኳ አይቆረስም።