ከቀዩ ዘርፍ ሥር

ሰውን ሳያሳፍሩ ማረም ይቻላል ወይ?

አይናዲስ ይህን ጥያቄ የያዘችው ገና ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። አንድ አስተማሪ ከሰሌዳው ፊት አቁሟት፣ የተሳሳተችውን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ እያስነበበ ክፍሉን በሙሉ አሳቀባት። ዐረፍተ ነገሩን በመጨረሻ አስተካክላ አንብባዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን እጇን አውጥታ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ያገኘችውን መጽሐፍ ሁሉ አንብባ፣ በጥሩ ውጤት ስትመረቅ ጥያቄው አብሯት ተመረቀ።

ፈረስ መጋለብ የተማረችው ተማሪ ሳለች፣ ከከተማው ዳር ካለ አንድ የግልቢያ ሜዳ ነው። ያስተማሯት ሽማግሌ ባልደራስ ደምለው ይባላሉ። ባልደራስ እሽቅድምድም አያስተምሩም። የሚያስተምሩት ሰውና ፈረስ እንዲግባቡ ነው፤ ጋላቢው በጭኑ፣ በወገቡና በጣቱ ብቻ እየጠቆመ፣ ፈረሱ በእርጋታ እንዲራመድ፣ እንዲዞር፣ ባለበት ቀጥ እንዲል። አይናዲስ ከተመረቀች በኋላም የእሳቸው ረዳት ሆና ቀረች። ቅዳሜና እሁድ ከሥራቸው አረፍ ሲሉ የሚመጡትን ጀማሪዎች የምታስተምረው እሷ ናት።

ከተማሪዎቿ አንዱ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፤ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ ጎልማሳ፣ ጨዋ ሰው። የሚቀመጡት በሜዳው ዳማ ፈረስ ላይ ነው። ዳማው እርምጃውን ፈጠን ሲያደርግ አቶ ልሳነወርቅ ይፈራሉ። ሲፈሩ ዛቡን፣ የልጓሙን ጠፍር፣ ጨብጠው ወደ ራሳቸው ይጎትታሉ፤ ያን ጊዜ የልጓሙ ብረት የፈረሱን አፍ ይጎዳዋል። አይናዲስ ይህን ታያለች። ዙራቸውን ጨርሰው «እንዴት ነኝ፣ የኔ እመቤት?» ሲሏት ግን መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። «በጣም ጥሩ ነዎት።»

ባለፈው እሁድ ዳማው በኋላ እግሮቹ ቆመ። አቶ ልሳነወርቅ አንገቱ ላይ ተለጥፈው ለጥቂት ተረፉ። የሜዳው ባለቤት ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አይቷል። «ይኼ ፈረስ ጠግቧል፤ አንዴ ይደግማትና ሰኞ ለጋሪ ነው የምሸጠው» አለ። ቀልድ አልነበረም።

ቅዳሜ ደረሰ። አቶ ልሳነወርቅ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው አይናዲስ ባልደራስ ኮርቻ ቅባት ወደሚቀቡበት በረንዳ ሄዳ ቆመች።

«ባልደራስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«አንቺ ከጠየቅሽማ ዛሬ ዝናብ ሳይጥል አይቀርም» አሉ ሽማግሌው። ፊቷን ሲያዩት ግን ጨርቁን አስቀመጡና «በይ ተቀመጪ ልጄ» አሏት።

ጫማዋን እያየች የሰባተኛ ክፍሉንም፣ የአቶ ልሳነወርቅንም፣ የዳማውንም ነገር ነገረቻቸው። በመጨረሻም ያን የቆየ ጥያቄ አወጣችው። ባልደራስም እንዲህ ሲሉ ተረት ጀመሩ።

ፈረስ የማያውቅ አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ሀብቱን ያገኘው በጨው ንግድ ነው፤ ጉልምስናውን የጨረሰው ከጭነት በቅሎ ኋላ በእግሩ ሲሄድ ነው። ይህ ሰው ለልጁ ሚስት አጨለት። በዚያ አገር ወግ የሙሽራው አባት በፈረስ ሆኖ፣ ሠርገኛውን እየመራ በአማቾቹ በር ይገባል። በሩ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙን ሴቶች እልል ይላሉ፤ ልጆች በፈረሱ እግር ሥር ይርመሰመሳሉ። አባትየው በእግሩ የገባ እንደሆነ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ይሰደብበታል። የአገሩም ሰው ገና ከአሁኑ ያሾፍ ጀምሯል። «ጨው ሲጭን እንጂ ራሱ ፈረስ ላይ ሲጫን አላየነውም» ይሉ ነበር።

ሰውየው እንደ ወተት የነጣ አንድ አምባላይ ፈረስ ገዛ። ፈረስ የሚገራና ግልቢያ የሚያስተምር ሰውም ፈልጎ አመጣ። ይህ ገሪ ሙያውን የተማረው በአለንጋና በስድብ ነበር። ስለዚህ እኔ ማንንም አላሳፍርም ብሎ ለራሱ ቃል ገብቷል። ሀብታሙ ኮርቻ ላይ በወጣ ቁጥር «አበጁ ጌታዬ!» ይለዋል። ሲዞርም አበጁ፣ ሲቆምም አበጁ ነው።

ሀብታሙ እየዋለ እያደረ ደፈረ፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥም ቻለ። እጁ ግን አልተማረም። ፈረሱ ፈጠን ሲል ዛቡን እንደ ጭነት ገመድ ጨብጦ ይስባል፤ የልጓሙም ብረት የፈረሱን አፍ ከሁለት ወገን ይሰነጥቀዋል። ገሪው ይህን ከመጀመሪያው ቀን አይቷል። ሊናገር ይነሣል፤ የሰውየውን ደስታ ሲያይ ምላሱ ይተሳሰራል። ዛሬ ደስ ብሎታል፣ ነገ እነግረዋለሁ ይላል። ነገም ሲመጣ ያንኑ ይላል። ሀብታሙ ወርዶ ከሄደ በኋላ የፈረሱን አፍ በጨው ውሃ ያጥብለታል። ፈረሱ ነጭ ነውና ደሙ ስለሚታይ፣ ዛቡ ከልጓሙ በሚገናኝበት ቦታ ወፍራም ቀይ የሱፍ ዘርፍ አሰረበት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሀብታሙ።

«ለሠርጉ ጌጥ ነው ጌታዬ።»

ሀብታሙ ወደደው።

ፈረሱ ግን በጌጥ አይታለልም። መጀመሪያ ራሱን መወርወር ጀመረ። ቀጥሎ ልጓሙን ሲያይ ጥርሱን ገጥሞ አልከፍትም አለ። በመጨረሻም አንድ ቀን፣ አሽከሮቹ ሁሉ እያዩ፣ በኋላ እግሮቹ ቆመ። ሀብታሙ ወረደ።

«ገብስ አበዛህለት፤ ጠግቧል» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሠርጉ ዕለት በበሩ ላይ እንዲህ ቢያደርገኝ፣ እዚያው በጥይት እደፋዋለሁ። አንተንም ዓይንህን አላይም።»

ያን ቀን ለገሪው እህል አልወረደለትም። ጠባቡ በር በዓይኑ ላይ መጣበት፤ ልጆቹም፣ ከራሳቸው በላይ የተነሡት የፈረሱ ኮቴዎችም፣ ጠመንጃውም። ሰውየውን ላላሳፍር ብሎ የዋጣትን አንዲት ቃል፣ ወይ ፈረሱ ወይ የሰው ልጅ በነፍሱ እንደሚከፍላት ታየው።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ገሪው ሀብታሙን «ዛሬ ከኮረብታው ጀርባ እንለማመድ፤ አሽከሮቹ ይቅሩ» አለው። እዚያ ሲደርሱ ቀዩን ዘርፍ ፈታ። በምትኩ ነጭ ባዘቶ ጥጥ ከግራና ከቀኝ አሰረ።

«ምነው?» አለ ሀብታሙ። «ሳታስፈቅደኝ ፈረሴን አመነኮስከው እንዴ?»

«አንድ ዙር ብቻ ይዙሩልኝ። ከዚያ የወደዱትን አስራለሁ።»

ሀብታሙ ወጣ። ፈረሱ ጥቂት እንደ ተራመደ ፈጠን አለ፤ የሰውየው ጡጫ ተጨበጠ፤ ፈረሱ ራሱን ወርውሮ የፊት እግሮቹን ከመሬት አነሣ። ገሪው ሮጦ ያዘው።

«ይውረዱ ጌታዬ። እዚህ ይምጡና ይዩ።»

ጥጡ በሁለቱም በኩል ቀልቷል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለ ሀብታሙ።

«እጅዎ ነው ጌታዬ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጅዎ ነው። አይቼ ያልነገርኩዎት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሀብታሙ አለንጋውን አነሣ። ገሪው አልሸሸም። ያን ጊዜ ሀብታሙ ዘወር ብሎ ኮረብታውን አየ፤ መንገዱንም አየ። ማንም የለም። አንድ ሰው እንኳ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያ አለንጋ ገሪው ላይ ያርፍ ነበር። ማንም ስላልነበረ ቀስ እያለ ዝቅ አደረገው፤ ሣሩ ላይም ተቀመጠ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ አበጁ ስትለኝ የነበርከው ምን ብለህ ነው?»

«ፈርቼ ነው ጌታዬ።»

ሀብታሙ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «እኔስ ዛቡን የምጨብጠው ምን ሆኜ መሰለህ?» አለ።

ገሪው ልጓሙን አወለቀ። የፈረሱ አፍ እስኪድን ድረስ ሳምንቱን በገመድ ልጓም፣ ያለ ብረት፣ አለማመደው። አንድ ነገር ብቻ ነው ያስተማረው። «ሲፈሩ ዛቡን ላላ ያድርጉና ጋማውን ይያዙ። ጋማውን ቢይዙት አያመውም» አለው። እጁን በሰውየው ጉልበት ላይ አድርጎ ከጎኑ ይሄዳል። ጡጫው ወደ ዛቡ ሲመለስ በቀስታ «ጋማ» ይለዋል። አበጁ ማለቱን ትቶ፣ ሲስተካከል «እንዲህ ነው» ይላል፤ ሳይስተካከል ሲቀር «አለሁ፣ እንደገና» ይላል።

ሠርጉ ደረሰ። አፉ የዳነው ፈረስ ዳግም ልጓም ገብቶለታል፤ ከግራና ከቀኝም አዲስ ነጭ ጥጥ ታስሮበታል። ሀብታሙ ከሁሉ ፊት ሆኖ ወደ በሩ መጣ። ገሪው በወጉ መሠረት ከጎኑ መሄድ አይችልም፤ ከሕዝቡ መካከል ቆሟል። በድንገት እልልታው ቀለጠ፤ ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ፈረሱ ደነገጠ። የፊት እግሮቹ ከመሬት ለቀቅ አሉ። ከሥሩ ልጆች ነበሩ። የሀብታሙ ጡጫ ዛቡን ጨበጠ። ገሪው «ጋማ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ሰው ሁሉ ይሰማዋል ብሎ ከንፈሩን ነከሰ።

የሀብታሙ ቀኝ እጅ ተፈታ። ጣቶቹ ወደ ጋማው ገቡ።

አንዱ አሽሟጣጭ አየውና «ኧረ ጨው ነጋዴው! ሹሩባ ልትሠራው ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ። የሀብታሙ ፊት ቀላ። ገሪው አለቀልን አለ፤ ሰው በሳቁበት ጊዜ ጉልበቱን ማሳየት ይወዳልና። ሀብታሙ ግን ጋማውን ሳይለቅ «ሹሩባማ ለሠርግ ነው!» ብሎ መለሰለት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ፈረሱ እግሩን አሳረፈ፤ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ በልጆቹ መካከል እርምጃውን እየመጠነ ገባ። በልጓሙ ግራና ቀኝ ያለው ጥጥ እንደ ነጣ ነበር።

ባልደራስ ተረቱን እዚህ ላይ ጨረሱ። ኮርቻውን ገፋ አደረጉና ወደ አይናዲስ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ ቀይ ዘርፍ ያንቺ ‹በጣም ጥሩ› ነው። ለሰውየው አዘንኩ ብለሽ ታስሪዋለሽ፤ ከሥሩ የሚደማው ግን ዳማው ነው። ያ አስተማሪሽም ያሳፈረሽ ስሕተትሽን ስለ ነገረሽ አይደለም። ሰው ሰብስቦ ስለ ነገረሽ፣ ነግሮሽም ብቻሽን ስላቆመሽ ነው። ገሪው ሰው ከሌለበት ወስዶ ነገረው፤ ከነገረውም በኋላ ከጎኑ አልራቀም። ይቻላል ወይ አልሽኝ፤ ይቻላል። ዝም ብሎ ግን አይቻልም።»

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አቶ ልሳነወርቅ ደረሱ። ዛሬ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ባለቤታቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው አብረው ወረዱ። ትንሿ ስልኳን ለቪዲዮ አዘጋጅታለች። የሜዳው ባለቤት ደግሞ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ዛሬ ተመልካች ይዤልሽ መጣሁ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ፊታቸው በርቶ። «እንዴት እንደሆንኩ እነሱ ፊት ትነግሪኛለሽ። እቤት አያምኑኝም።»

ሁለቱ ቃላት አይናዲስ አፍ ላይ ነበሩ፤ በጣም ጥሩ። ለማለት ቀላል ናቸው፤ ሁሉም ሰው ይደሰታል። ዳማውን አየችው። አቶ ልሳነወርቅን ሲያይ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተኝተው ነበር።

«ቤተሰብዎ በረንዳው ላይ ከባልደራስ ጋር ሻይ ይጠጡ» አለች። «እኛ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ እንሄዳለን።»

«ሜዳው ምን ሆነና?» ሲል የሜዳው ባለቤት ከአጥሩ ጮኸ። «ያ ፈረስ ዛሬ ምን እንደሚያደርግ ማየት እፈልጋለሁ!»

አይናዲስ ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ አውጥታው በማታውቀው ድምፅ መለሰች። «ዳማው አልጠገበም፤ አሞታል! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ኋላ ቢሮ መጥቼ አስረዳዎታለሁ!»

ከበረንዳው ግድግዳ ላይ ካለው የድንገተኛ ሕክምና ሣጥን አንድ ጥቅል ጥጥ ወሰደች። ልጓሙን አውልቃ ሰቀለችው፤ ዳማውን በገመድ ብቻ ይዛ ከዛፎቹ ጀርባ ሄደች። አቶ ልሳነወርቅ ግራ ተጋብተው ተከተሏት። እዚያ ቆማ ዞር ብላ አየች፤ ማንም አይታይም። ከጥጡ ቆርሳ በመዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ከንፈሩን ጥግ ጥጉን ይጥረጉት» አለቻቸው። «ከዚያ አንድ ነገር እነግርዎታለሁ። ከነገርኩዎትም በኋላ የትም አልሄድም።»