ግማሽ ላይ ሲሶ

አንድ የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉቦ አይበላም፣ ለዘመድ አያደላም፣ የተላከበትን ሳይፈጽም አይመለስም። ሥራው በየትምህርት ቤቱ እየዞረ መምህራን ሲያስተምሩ መመልከትና ደረጃ መስጠት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ጸጥታ ይወዳል። የገባበት ክፍል ዝንብ ስትበር የሚሰማበት ከሆነ፣ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ተማሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ብሎ ከመለሰ፣ ደስታውን መደበቅ አይችልም። ወረዳው በሙሉ ይህን ጠባዩን ያውቅለታል።

አስካለ፣ ጥያቄሽን ትቼ ወሬ የጀመርኩ እንዳይመስልሽ። የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ የወዲያኛው ሰፈር ግን ሥርዓት አለው ይላሉ፣ ልጄን ላዛውራት ወይስ ልተዋት፣ የቱ እንደሚሻልስ በምን አውቃለሁ ብለሽኝ የለ? መልሱን እዚሁ ውስጥ ታገኚዋለሽና ትንሽ ታገሺኝ።

በዚያ ዓመት በወረዳው የመምህር እጥረት ነበረ። ስለዚህ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ነገር አሰበ። ከወንዙ ማዶ ያለው የገጠር ትምህርት ቤት ደረጃው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሉ ይዘጋና ተማሪዎቹ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ነገሩ ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ወንዙ ግን በሰኔም በመስከረምም ሰው ይወስዳል፤ ድልድይ የለውም። ወላጆቹ ወንዶቹን እንደምንም እንልካለን፣ ሴቶቹ ግን እቤት ይቀራሉ ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ኢንስፔክተሩ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ውሳኔው በእሱ ፊርማ ላይ መንጠልጠሉም እንቅልፍ ነስቶታል፤ ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው ብሎ ተነሣ።

አስቀድሞ የከተማውን ትምህርት ቤት አየ። ግቢው ተጠርጓል፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፣ ተማሪዎቹ የደንብ ልብሳቸውን አስተካክለው ለብሰዋል። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም አንድ ላይ ብድግ አሉ፣ አንድ ላይ ተቀመጡ። መምህሩ አስተማረ፣ «ገባችሁ?» አለ፣ ልጆቹ «አዎ!» አሉ። ኢንስፔክተሩ ከፍተኛውን ደረጃ ሰጠ። ያም አልበቃው ብሎ በመምህራኑ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ሌሎች ትምህርት ቤቶች እዚህ እየመጡ ይማሩ ሲል አመሰገናቸው።

በማግስቱ፣ በጋ ስለነበረ የጎደለውን ወንዝ በመኪና ተሻግሮ ወደ ገጠሩ ሄደ። ርዕሰ መምህሯ በር ላይ ጠብቃ ተቀበለችው። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ስታናግረው ግን እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷት ነበር። ወደ ሰባተኛ ክፍል ወሰደችውና እሷ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ እሱ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ኢንስፔክተሩም እንዲህ ከሆነስ እተርፋለሁ፣ ማንንም ሳልጎዳ እመለሳለሁ ብሎ ልቡ ትንሽ ቀለል አለው።

የሒሳቡ መምህር ግማሽ ላይ ሲሶ እንዴት እንደሚደመር አስተማረ። ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ቀይሮ፣ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ አምስት ስድስተኛ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ከዚያ ዘወር ብሎ «ገባችሁ?» አለ።

ልጆቹ «አዎ» አሉ። ድምፁ ግን ሙሉ አልነበረም። ከመሐል እናኑ የምትባል ቀጭን ልጅ ተነሣች።

«እኔ አልገባኝም» አለች።

ክፍሉ ደነገጠ። ርዕሰ መምህሯ ከበሩ ሆና በዓይኗ ተቀመጪ አለቻት፤ ልጅቷ አላየቻትም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አነሣ። መምህሩ አንዴ እስክሪብቶውን፣ አንዴ ልጅቷን ተመለከተ፤ ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ። «ተቀመጪ፣ በኋላ አስረዳሻለሁ» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለማለት አፉን ከፈተም። ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ምኑ ነው ያልገባሽ ብሎ ጠየቃት።

የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ብንደምር ምን አለበት፣ ለምን እንዲህ እንዞራለን አለችው። እሱም እንግዲያው እንዳልሽው ደምሪው ብሎ ጠመኔውን ሰጣት። ወጥታ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች። መምህሩ ትክክል ነው፣ ስህተት ነው አላለም። እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን ሣለና አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለአምስት ከፈለው። ከአንደኛው ግማሹን፣ ከሁለተኛው ሁለት አምስተኛውን አጥቁሪ አላት። አጥቁራ ስትጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው። እንግዳ መኖሩንም የረሳች ትመስላለች።

«ያንሳል እኮ» አለች። «ግማሽ ላይ ሲሶ ጨምሬ ከግማሽ አነሰ። የጨመርኩት የት ገባ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ለስድስት እንክፈለው ይላል፣ ሌላው ቆይ እኔ ልሣለው ይላል፣ ሁለት ልጆች ሰሌዳው ላይ ይገፋፋሉ። በዚህ መሐል ደወል ተደወለ። መምህሩ ለዕለቱ ካቀደው ግማሹን እንኳ አላስተማረም ነበር። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱ ላይ ሥርዓት የለም፣ ዕቅዱ አልተጠናቀቀም፣ ተማሪዎች አልተረዱም ብሎ ጻፈና ዝቅተኛውን ደረጃ ሰጠ። ሲጽፍ ወንዙ ትዝ አለው፤ ግን ጻፈው።

ሲወጣ ለርዕሰ መምህሯ ተማሪዎቿ ሥርዓት እንደሚጎድላቸው ነገራት። ትለምነኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልለመነችውም።

«ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ዛሬ እንግዳ አለ፣ ገባችሁ ስትባሉ አዎ በሉ ብያቸው ነበር» አለችው። «ልምዳቸው አይደለምና አልሆነላቸውም።»

መኪናው ወንዙን ተሻግሮ እስኪወጣ ድረስ ይህ ንግግሯ ሲከነክነው ቆየ። አንድም የሐሰት ነገር አላገኘበትም፤ ደስ ግን አላለውም።

ከተማው ሲደርስ የትናንቶቹ መምህራን ምሳ አዘጋጅተው ጠበቁት። ከምሳ በፊት ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ጥቂት ምክር ይስጡልን ብለው ለመኑት። ገባ። ልጆቹ አንድ ላይ ብድግ አሉ፣ አንድ ላይ ተቀመጡ። ምን እንደሚላቸው ስላላዘጋጀ ጠመኔ አነሣና፣ ሐሳቡ የእናኑ ጥያቄ ላይ ስለነበረ፣ ግማሽ ሲደመር ሲሶ ብሎ ጻፈ። እጁም እሷ የጻፈችውን፣ ሁለት አምስተኛን ጻፈ። ሊያጠፋው ዳስተሩን ያዘ፤ ሳያጠፋው ቆመ። ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ገባችሁ?» አለ።

«አዎ!»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደገና ጠየቃቸው። አሁንም «አዎ!» አሉት፤ እንዲያውም ቀድሞ ያልጮኸ ካለ ያን ጊዜ ጮኸ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ቀርቷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚቆጥር ይመስላል። ኢንስፔክተሩ ጠጋ ብሎ አንተስ ገብቶሃል ወይ አለው። ልጁ ሰሌዳውን ተወና ከኋላ የቆመውን መምህሩን አየ። የመምህሩን ፊት አይቶ «አዎ፣ ገብቶኛል» አለ።

ኢንስፔክተሩም ልጁ ወዳየበት አየ። መምህሩ ስህተቱን አውቆታል፤ ፊቱ ይናገራል። አውቆ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ከአጠገቡ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ፈገግ ብሎ ቆሟል፤ ፈገግታውን የሚያወርድበት ጊዜ ያጣ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ኢንስፔክተሩ ፈራ። እነዚህን ልጆች ዝም ያሰኛቸው መምህሩ ብቻ እንዳልሆነ ገባው። መምህሩ ርዕሰ መምህሩን ይፈራል፣ ርዕሰ መምህሩ እሱን ይፈራል፣ እሱ ደግሞ ይህን ፍርሃት ባየበት ሁሉ ሲያሞግስና ከፍተኛ ደረጃ ሲሰጥ ኖሯል።

«ተሳስቻለሁ» አላቸው። «ይህ ስህተት ነው። ከእናንተ ያወቀው ሰው ነበረ?»

የፊተኛው ልጅ እጅ እስከ ጆሮው ድረስ ከፍ አለና ተመልሶ ወረደ። ኢንስፔክተሩ ሰሌዳውን አጠፋ፤ ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ደረጃዎቹን እንደሚቀይር ሲሰማ ተቆጣ። ትናንት በመምህራኑ ሁሉ ፊት አመስግነህ ዛሬ ብትገለብጠው ሰው ምን ይለናል አለው።

ኢንስፔክተሩም «ትናንት ትምህርት ቤቱን አልመዘንኩም» አለ። «እኔን ምን ያህል እንደሚፈሩኝ መዝኜ ነው የመጣሁት።»

«እሺ፣ ለገጠሩስ ምን ምክንያት ብዬ ልጻፍ?»

«አልገባኝም ያለች ልጅ አለች፣ የሰማት መምህርም አለ ብለህ ጻፍ።»

ኃላፊው ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው። ብዙ አጉረመረመ፣ ተመልሰህ አስብበት አለ። ኢንስፔክተሩ ግን ፊርማዬን ከፈለጋችሁ እዚህ ላይ ነው፣ ካልሆነ ሌላ ሰው ላኩ ብሎ ጸና። የገጠሩ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይዘጋ ቀረ። እናኑ ኋላ ምን ሆነች ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ አላውቅም። ያን ዓመት ወንዝ ሳትሻገር መማሯን ብቻ ነው የማውቀው።

እንግዲህ አስካለ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ነሽ። በአጥሩ በኩል ስታልፊ የሰፈራችን ልጆች ሲንጫጩ ሰምተሽ ልብሽ ሸፈተ። ጩኸት ሁሉ ትምህርት ነው አላልኩሽም፤ ዝም ብሎ የሚጯጯህ ክፍልም ሞልቷል። ጸጥታ ሁሉም ፍርሃት አይደለም። ግን ቀለሙንና ሰልፉን አይተሽ አትፍረጂ። ወላጅ ነሽና አስፈቅደሽ ግቢ፣ ከኋላ ተቀመጪ፣ መምህሩ «ገባችሁ?» እስኪል ጠብቂ። አዎ የሚሉትን ተያቸው። አልገባኝም የምትል አንዲት ልጅ ትኖር እንደሆነ አድምጪ፤ ካለች ደግሞ ምን እንደሚያደርጓት ተመልከቺ። ልጅሽን ማዛወርም መተውም ያለብሽ ያን ካየሽ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ቤትሽ ግቢና ልጅሽን ራሷን ጠይቂያት። ያልገባሽ ነገር አለ ወይ በያት። ስትጠይቂያት ፊትሽን አታጨፍግጊባት፤ ያ ልጅ የመምህሩን ፊት አይቶ እንደመለሰ፣ እሷም ያንቺን ፊት አይታ ነው የምትመልስልሽ።