አቡካዶ ዳሳሹ ጅብ

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር ብዙ የአቡካዶ ዛፎች ያሏት አህያ ነበረች። አህያ አቡካዶ ስታለማ የት ታይቶ ያውቃል የሚል ካለ፣ ነገሩ ተረት ነውና ትንሽ ይታገስ። ፍሬውን ራሷ ታወርዳለች፤ ራሷ ተሸክማ ገበያ ታደርሳለች። ገበያው ሩቅ ነው፤ ዳገቱም ለአህያም ቢሆን ዳገት ነው።

ያን ዓመት ዛፎቹ ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ አፈሩ። አህያዋ ቀና ብላ ዛፎቹን ታያለች፣ ዞር ብላ የገዛ ጀርባዋን ታያለች፣ ከዚያ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ያ ሁሉ ፍሬ በአንድ ጀርባ ተመላልሶ አያልቅም። ካልተሸጠ ደግሞ ከዛፉ ሥር ወድቆ መበስበሱ ነው።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለች ቀበሮ ስልኩን እየነካካ ብቅ አለ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት አህያ! የምሥራች ይዤልሽ መጣሁ። የስልክ ገበያ ከፍቻለሁ። የጫካው አራዊት በየጎሬያቸው ተኝተው በመተግበሪያዬ ያዛሉ፣ እኔ እልክላቸዋለሁ።»

«ተኝተው?»

«ተኝተው! አንቺ ብቻ አውርደሽ ስጪኝ፤ ዳገት የሚባል ነገር እርሺው።»

«ለመሆኑ የሚበሉት እነማን ናቸው?»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አለ ቀበሮ፣ ስልኩን ቶሎ ወደ ደረቱ እየመለሰ። ደንበኞቹን ካወቀች በቀጥታ ትሸጥላቸዋለች ብሎ ፈርቶ ነበር።

አህያዋም ብትሆን የዋዛ አልነበረችም። አቡካዶ ዛፍ ላይ እንዳለ አይለሰልስም፤ ወርዶ ጭድ ውስጥ መሰንበት አለበት። ስለዚህ ገበያ ላይ ሳለች ገዢውን «ለዛሬ ነው ለሳምንት?» ብላ ትጠይቅና፣ ለዛሬው ከሰነበተው፣ ለሳምንቱ ገና ከወረደው ታነሳለት ነበር። ይህን ለቀበሮ አልነገረችውም። «ሙያዬን ካወቀማ ነገ እኔ ምን አደርግለታለሁ?» ብላ ጠንካራውንም ለስላሳውንም በአንድ ጆንያ ቀላቅላ ሰጠችው።

ደንበኞች ግን ገና ከመጀመሪያው አጉረመረሙ። «አቡካዶ ሳይዳሰስ ይገዛል እንዴ?» አሉ። ቀበሮ አሰበ፣ አሰበና ጅብን ቀጠረ።

«አያ ጅቦ፣ ደንበኞቹን ወክለህ ትዳስሳለህ።»

«ደሞዜስ?»

«የተበላሸው ሁሉ ያንተ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆንያ በመጣ ቁጥር እያንዳንዷን ፍሬ በዚያ መዳፉ ጭምቅ ያደርጋታል። እሺ ብላ ከለሰለሰችለት «ይቺ ተበላሽታለች» ብሎ ይውጣታል። ድንጋይ ከሆነችበት «ይቺስ ጤነኛ ናት» ብሎ ለደንበኛ ይልካታል።

በዚህ መሃል የአያ አንበሶን ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ወደ ቤቱ መጡ። አንበሳ አቡካዶ አዘዘላቸው። አቡካዶው ሲደርስ ከሽማግሌዎቹ መሃል አዛውንቱ ዝንጀሮ ቀድመው ገመጡ፤ የቀረቻቸው አንዲት ጥርስም እዚያው ላይ ተተክላ ቀረች።

አንበሳ ቀበሮንና አህያን አስጠራቸው።

«የልጄ ሠርግ ቅዳሜ ነው» አለ። «ያን ዕለትም ድንጋይ ከመጣልኝ፣ በዚህ ጫካ ከእናንተ የሚገዛ አንድ ነፍስ አይኖርም!»

ሁለቱ እየተጨቃጨቁ ተመለሱ።

«አሳፈርሽኝ! ጥርስ የሚነቅል ፍሬ ትሰጪኝ?»

«ለዕለቱ የሚበላ መሆኑን ነግረኸኝ ነበር?»

«መቼ ጠየቅሽኝ!»

«‹ብቻ ስጪኝ› አላልክም? ይኸው ሰጠሁህ!» አህያዋ እግሯን ተከለች። አህያ እግሯን ስትተክል ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቃላችሁ። በሆዷ ግን ዛፎቿ ድቅን አሉባት፤ ፍሬው ሲረግፍ የምትሰማው መሰላት።

ፍሬው ወደሚዳሰስበት የቀበሮ መጋዘን ሲደርሱ ጅብ በጀርባው ተንጋሎ፣ ከንፈሩ አረንጓዴ ሆኖ አገኙት።

«ተኳርፋችሁ ነው? ጥሩ ነው፣ ተኳረፉ!» አለ ሆዱን እያሻሸ። «እሷ ቀላቅላ ትሰጣለች፣ አንተ ሳትጠይቅ ትቀበላለህ፣ ለስላሳው ለእኔ ይደርሳል። እናንተ የተነጋገራችሁ ቀን እኔ ምን ልበላ ነው?» ብሎ አገሳ።

ሁለቱ ተያዩ።

«ለስንት እንግዳ ነው?» አለች አህያዋ በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ቀበሮ ስልኩን ወደ ደረቱ ሊመልስ ቃጣው። የአንበሳ ፊት ትዝ ሲለው ግን አዙሮ አሳያት።

«ጭድ ውስጥ ያስቀመጥኩት አለ፤ ለቅዳሜ ልክ ይደርሳል። ከእንግዲህ መተግበሪያህ ‹መቼ ነው የሚበሉት?› ብሎ ይጠይቅ፤ እኔ እንደየቀኑ ለይቼ እሰጥሃለሁ።»

«ደንበኞቼን ትወስጅብኛለሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ዳገቱን ማን ሊወጣልኝ!»

ቅዳሜ ዕለት አዛውንቱ ዝንጀሮ በባዶ ድዳቸው ጠግበው በሉ። ጅብ ግን ዳሳሽነቱ ቀርቶበት መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ዋለ።

«ዛሬ የተበላሸ የለም?»

«የለም» አለ ቀበሮ።

«አንዲት እንኳ?»

«አንዲት እንኳ።»

ጅብ አህያዋን ከእግር እስከ ጆሮዋ አያት። «እንግዲያው ወደ ድሮ ምግቤ ልመለስ ነዋ!»

አህያዋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቀበሮ ግን፣ ለደግነቱ እንዳይመስላችሁ፣ ዘሎ መሃላቸው ገባ።

«እስቲ ንካት! ለአያ አንበሶ የመልስ ግብዣ የምትለየው እሷ ናት። አቡካዶዬ የት ቀረ ሲለኝ፣ ጅብ ከነባለቤቱ በላው እለዋለሁ።»

ጅብ ጭራውን እግሩ መሃል ወሽቆ ወደ ዱሩ ገባ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ያለ እሷ እንደማይበላ የገባው ሸሪክ ግን ያስጥላል።

ከዚህ የምንማረው፣ አምራችና ሻጭ የሚያውቁትን እየተደባበቁ ቢሠሩ የሚያጠግቡት ጅብን ብቻ መሆኑን ነው።