የቢሻው ጥፍር

ላም ከባለቤቷ ቀድማ በስሟ በምትጠራበት በዚያ በሩቁ ዘመን፣ ሾላ ውሃ በሚባል አገር ቢሻው የሚባል አዛባ ጠራጊ ነበር። አዛባ ማለት ያው ከበረት የሚዛቀው እበትና ጭቃ ነው። ቢሻው የሰው በረት እየጠረገ ይኖራል። ያለችው አንዲት ላም ናት። አንዲት ከሲታ ልጅም አለችው፤ ከወተት በቀር ምንም አይስማማትም።

በዚያ ዓመት የሾላ ውሃ ሕፃናት ወተት ጠጥተው ሆዳቸውን እየያዙ ይወድቁ ጀመር። የተቀበሩም አሉ። የአገሩ ገዥ ነጋሪት አስጎሰመ፦

«ባልታጠበ ዕቃ የታለበ ወተት ይደፋ! ደፊውን የከለከለ ከብቱ ከመስክ ይነዳ! አይቶ ያለፈ ደፊ ደግሞ አገር ይልቀቅ!»

ደፊ ሆኖ የተሾመው ቢሻው ነው። ሌላ ማን እሺ ይበል?

አሁን ይህን ልብ በሉ። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ወተቱን ያጣፍጠዋል። ግን ያልታጠበ ዕቃም ቢሆን ከታጠነ ሽታው ደስ ይላል! አፍንጫ ይታለላል። ስለዚህ ቢሻው አላሸተተም። ወተቱን ወደ ራሱ ንጹሕ ማድጋ ይገለብጣል፤ የዕቃውን ውስጥ በጥፍሩ ይፍቃል፤ ጥፍሩን ወደ ፀሐይ ያነሣል። ቢጫ የወተት ዝቃጭ ከያዘ ዕቃው አልታጠበም፤ ነጭ ከሆነ ታጥቧል።

መጀመሪያ ባልቴቷ እማማ ጠጅቱ ቤት ሄደ። ፋቀ። ጥፍሩ ቢጫ ይዞ ወጣ። ደፋ።

«እጅህ ይቆረጥ!» አሉት። «ምንጩ ሩቅ፣ ጉልበቴ የለ፤ በምን ልጠብ?»

ቢሻው እንስራቸውን አዝሎ ወረደና ውሃ ሞልቶ መጣ።

ቀጥሎ ግራዝማች ተድላ በረት ሄደ። ሎሌዎቹ ዱላ ይዘው ቆመዋል።

«አዛባ ለብሰህ እኔን ንጽሕና ልታስተምር?» አሉ ግራዝማች። ሎሌዎቹ ሳቁ።

ፋቀ። ጥፍሩ ቢጫ ይዞ ወጣ። ሳቁ ቆመ፤ ዱላው ተነሣ።

«ጌታዬ፣ እሺ አልደፋውም» አለ ቢሻው። «ልጅዎ ይጠጣውና ልሂድ።»

ግራዝማች አጠገባቸው የቆመውን ልጃቸውን አዩ። ጥፍሩን አዩ። ከዚያ ማድጋውን ተቀብለው በገዛ እጃቸው ደፉት።

«በል እንግዲህ» አሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። «አሁን ያንተን ቤት እንይ!»

አገሩ ሁሉ ተከተለ። የቢሻው ሚስት ውዴ ከደጅ ተቀበለችው።

«አንተ ሰው፣ ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ አልቀመሰችም። ስታለቅስብኝ ቸኮልኩ። አጥኜዋለሁ እኮ!»

«አጥበሽዋል?»

ዕቃውን አንሥታ ሰጠችው። ፋቀ። ጥፍሩ ቢጫ ይዞ ወጣ። ልጅቷ ከመደቡ ላይ ሆና ወደ ማድጋው እጇን ዘረጋች።

ደፋ።

ልጅቷ ጮኻ አለቀሰች። ግራዝማች ዞረው ሄዱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን የወተት ዕቃ ይዘው ተመለሱ። ሎሌ አላስያዙም፤ ራሳቸው ተሸክመውታል።

«ፋቀው» አሉ።

ገለበጠ። ፋቀ። ጥፍሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ ጠጣች። በደኅናም አደረች።

እስከ ዛሬ በሾላ ውሃ የወተት ዕቃ ከመታጠኑ በፊት ውስጡ በጥፍር ይፋቃል፤ አዲስ ሙሽራም አማቷ ፊት መጀመሪያ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ሰው ነገሩን አሳምሮ ሲያወራ ደግሞ ሽማግሌዎቹ አይከራከሩትም። «ጭሱስ ደስ ይላል» ይላሉ፤ «እስኪ ለቢሻው ጥፍር ስጡት።»